ከብረት ድጋፍ ተነስታ ሮም ላይ የነገሠችው ዊልማ ሩዶልፍ

ሮም ሲባል ለእኛ ኢትዮጵያውያን ቶሎ ትዝ የሚለን አንድ ሰው ነው። አበበ ቢቂላ! በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገብቶ ዓለምን አፉን ያስያዘው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር። ልክ በአዲስ ዓመት ዋዜማ። ይሄን የማያውቅ የስፖርት አፍቃሪ የለም። ነገር ግን አበበ ሮም ጎዳና ላይ ከመውጣቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ እዚያው ከተማ፣ በኦሊምፒክ ስታዲየሙ ውስጥ፣ አንዲት የ20 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ሦስት የወርቅ ሜዳልያ አንገቷ ላይ አጥልቃ ነበር። ጣልያኖች ስሟን እየጠሩ ስታዲየሙን በጩኸት ሲያናጉት ሰንብተዋል።

ዊልማ ሩዶልፍ ትባላለች። እኛ አገር የረጅም ርቀት እንጂ የአጭር ርቀት ወሬ ብዙም ስለማይደምቅ የዚህችን አትሌት ታሪክ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ታሪኳ ግን ከ100 ሜትር በጣም ይረዝማል። ምክንያቱም ይህቺ በዓለም አንደኛ ፈጣን የተባለች ሴት ልጅ እያለች መሮጥ ቀርቶ በትክክል መራመድ የማትችል ነበረች። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ22 ልጆች 20ኛዋ

ዊልማ ግሎዲን ሩዶልፍ የተወለደችው ሰኔ 23 ቀን 1940 አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት፣ ሴንት ቤተልሔም በምትባል ስፍራ ነው። ስፍራዋ ዛሬ የክላርክስቪል ከተማ አካል ናት። ዊልማ ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣችው። ስትወለድ የነበራት ክብደት ሁለት ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። አባቷ ኤድ ሩዶልፍ ከሁለት ትዳር 22 ልጆች ያፈሩ፣ በባቡር ጣቢያ በተሸካሚነት የሚሠሩ ሰው ነበሩ። እናቷ ብላንሽ ደግሞ በነጮች ቤት ምግብ እያበሰሉና እያጸዱ ነው የሚያድሩት። ዊልማ ከልጆቹ መካከል 20ኛዋ ነበረች።

በሽታ በልጅነቷ ተፈራረቀባት። አንዴ የሳንባ ምች፣ አንዴ ሌላ ትኩሳት። አራትና አምስት ዓመት ሲሆናት ደግሞ በእኛ አገር የልጅነት ልምሻ የምንለው ፖሊዮ ያዛት። በዚያ ዘመን ክትባቱ ገና አልተገኘም። ከሞት ብትተርፍም ግራ እግሯ ሰለለ። እግሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ተገጠመላት። ሌሎቹ ልጆች ሜዳ ላይ ሲራወጡ እሷ ቁጭ ብላ ማየት ሆነ ሥራዋ።

ያኔ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ በሕግ የሚለያይበት ጊዜ ነው። በክላርክስቪል ለጥቁር ሕፃን የሚሆን ሕክምና እምብዛም አልነበረም። ስለዚህ እናቷ ልጃቸውን እየያዙ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ናሽቪል መመላለስ ጀመሩ። እዚያ ሜሃሪ የሚባል የጥቁሮች የሕክምና ኮሌጅ ነበር። በየሳምንቱ፣ ለሁለት ዓመት ያህል፣ በአውቶቡስ። ያውም ለጥቁሮች በተመደበው በኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው። እናትየው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከሥራ በሚያገኟት ዕረፍት ነው።

ይህም አልበቃም። ሐኪሞቹ እግሯ በቀን አራት ጊዜ መታሸት አለበት አሉ። እናትየው ማሸቱን ተማሩ፤ ከዚያ ለታላላቆቿ አስተማሩ። በቃ፣ ቤቱ በሙሉ ሐኪም ሆነ! አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ የዊልማን እግር ያሻሉ። እንግዲህ ዊልማ ኋላ ላይ በዱላ ቅብብል ዓለምን ማሸነፏ አይገርምም። ቅብብልን ያየችው ገና ቤቷ እያለች ነው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ብረቱን አውልቃ መራመድ ቻለች። ከዚያ በኋላም ለተወሰኑ ዓመታት እግሯን የሚደግፍ ልዩ ጫማ ታደርግ ነበር። 12 ዓመት ሲሞላት ግን ብረቱም ጫማውም ቀረ። እንደማንኛውም ልጅ ሆነች። እንደማንኛውም ልጅ ሆና ግን አልቆመችም።

አሰልጣኙ ያወጣላት ስም

በክላርክስቪል የበርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የገባችው ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ነው። ቁመቷ እየተመዘዘ ሄዶ ኋላ 1 ሜትር ከ80 ደርሷል። የቡድኑ አሰልጣኝ ክሊንተን ግሬይ ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ውር ውር ስትል አይቶ ትንኝ የሚል ቅጽል ስም አወጣላት። ትንኟ በአንድ የውድድር ዘመን 803 ነጥብ አስቆጥራ በግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ሴቶች ቅርጫት ኳስ አዲስ ሪከርድ ሠራች።

ከእነዚህ ጨዋታዎች በአንዱ አንድ ሰው ትኩር ብለው ያይዋት ነበር። የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች አትሌቲክስ አሰልጣኝ ኤድ ቴምፕል ናቸው። ቴምፕል ዓይናቸው ያረፈው ኳሷ ላይ ሳይሆን እግሯ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው የጥቁሮች ነው፤ ገንዘብ የለውም። ሯጮቹ ለትምህርታቸው ክፍያ በግቢው ውስጥ በየቀኑ ሥራ እየሠሩ ነው የሚማሩት። ግን ታይገርቤልስ የሚባለው የቴምፕል ቡድን በአሜሪካ የሴቶች ሩጫ አንደኛ ሆነ። ቴምፕል ከ40 ዓመት በላይ ባሰለጠኑበት ጊዜ 40 ኦሊምፒያኖችን አፍርተዋል፤ 23 የኦሊምፒክ ሜዳልያም አስመጥተዋል።

ዊልማ ግን መጀመሪያ ላይ በቀላሉ አላሸነፈችም። ገና የ15 ዓመት ልጅ ሆና አላባማ፣ ተስኪጊ በተካሄደ ትልቅ ውድድር ላይ ተሳትፋ በሁሉም ርቀት ተሸነፈች። በተፈጥሮ ፍጥነት ብቻ ማሸነፍ የለመደች ልጅ ናትና ሽንፈቱ አጥንቷ ድረስ ነው የገባው። በዚያው በጋ ቴምፕል ወደ ካምፓቸው ወሰዷት። አነሳሷን፣ አተነፋፈሷን፣ የእጅ አጣጣሏን አስተካከሉላት። ብዙም ሳይቆይ ፊላደልፊያ ላይ በተደረገ የወጣቶች ውድድር የገባችባቸውን ዘጠኝ ሩጫዎች በሙሉ አሸነፈች።

ሜልቦርን ላይ ያየችው

በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ስትካተት 16 ዓመቷ ነው፤ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ። ከቡድኑ በዕድሜ ትንሿ እሷ ነበረች። በ200 ሜትር ማጣሪያውን አላለፈችም። በ4 በ100 ሜትር የዱላ ቅብብል ግን ከሜ ፋግስ፣ ከማርጋሬት ማቲውስና ከኢዛቤል ዳንኤልስ ጋር ሆና በ44.9 ሰከንድ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች።

ሜልቦርን ላይ ከነሐሱ የበለጠ ነገርም ይዛ ተመልሳለች። አውስትራሊያዊቷ ቤቲ ካትበርት በአገሯ ሕዝብ ፊት 100 ሜትርን፣ 200 ሜትርንና የዱላ ቅብብልን አሸንፋ ሦስት ወርቅ ስትወስድ ዊልማ ቁጭ ብላ አይታለች። ከአራት ዓመት በኋላ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በ1958 ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። በዚያ ዘመን አንዲት ተማሪ ልጅ ወለደች ማለት ሩጫዋም ትምህርቷም አበቃ ማለት ነው። ቴምፕልም እናት የሆነች ሯጭ ቡድናቸው ውስጥ የማስገባት ልማድ አልነበራቸውም። ለዊልማ ግን በሩን ከፈቱላት። ቤተሰቦቿ ሕፃኗን ተቀብለው ማሳደግ ያዙ፤ እሷ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያ የእግር ማሸት ቅብብል እንደገና ተጀመረ ማለት ይቻላል።

በ1959 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የፓን አሜሪካን ውድድር በ100 ሜትር ብር፣ በዱላ ቅብብል ወርቅ አገኘች። በሐምሌ 1960 ደግሞ ቴክሳስ፣ ኮርፐስ ክሪስቲ ላይ 200 ሜትርን በ22.9 ሰከንድ ጨረሰች። ይህ የዓለም ሪከርድ ነው። ከ23 ሰከንድ በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ሆነች። ሮም አንድ ወር ተኩል ያህል ቀርቷታል።

ሮም

የሮም ስታዲየም በሙቀት ይፋጃል። ዊልማ ለ100 ሜትሩ ስትዘጋጅ፣ የማሟሟቂያው ሣር ላይ ጉድጓድ ረግጣ ቁርጭምጭሚቷ ዞረባት። አራት ዓመት ሙሉ የተጠበቀው ነገር በአንዲት ጉድጓድ ሊቀር ነው! እግሯ ታስሮላት አሳደረች።

በማግስቱ ግን በሩጫዋ ላይ ምንም አልታየም። በግማሽ ፍጻሜው 11.3 ሰከንድ ገብታ የዓለም ሪከርዱን ተጋራች። መስከረም 2 ቀን 1960 በተደረገው ፍጻሜ ደግሞ 11.0 ሰከንድ! ለ100 ሜትር በጣም ሰፊ በሆነ ልዩነት የእንግሊዟን ዶሮቲ ሃይመንን ሁለተኛ፣ የጣልያኗን ጁሴፒና ሊዮኔን ሦስተኛ አስከትላ ገባች። ነፋሱ ከኋላ በሰከንድ ከሁለት ሜትር በላይ ይነፍስ ስለነበር ሰዓቱ በሪከርድነት አልተመዘገበም። ወርቁን ግን ነፋስ አይወስደውም።

መስከረም 5 ቀን 200 ሜትር። በማጣሪያው 23.2 ገብታ የኦሊምፒክ ሪከርድ አሻሻለች። በፍጻሜው ነፋሱ በተራው ፊት ለፊት መጣባትና ሰዓቱ 24.0 ሆነ። ግን ማን ይደርስባታል? ጀርመናዊቷ ዩታ ሃይነ ሁለተኛ፣ ሃይመን ሦስተኛ።

የቀረው የዱላ ቅብብሉ ነው። ማርታ ሃድሰን፣ ሉሲንዳ ዊሊያምስ፣ ባርባራ ጆንስና ዊልማ ሩዶልፍ። አራቱም የቴምፕል ልጆች፣ አራቱም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ! በግማሽ ፍጻሜው 44.4 ገብተው የዓለም ሪከርድ ሰበሩ። በፍጻሜው ዊልማ የመጨረሻዋ ሯጭ ነበረች። ዱላውን ስትቀበል ግን ቅብብሉ ተበላሸ። ዱላው ከእጇ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። እስክትይዘው ድረስ ጀርመን ቀደመች። ከዚህ በኋላ የሆነውን ዛሬም በፊልም ማየት ይቻላል። ረጃጅም እግሮቿን ዘርግታ አንድ በአንድ መሬቱን እየበላች ጀርመኗን ደረሰችባት፤ አለፈቻት። 44.5 ሰከንድ። አሜሪካ አንደኛ፣ ጀርመን ሁለተኛ፣ ፖላንድ ሦስተኛ።

በዚህ ድል ዊልማ በአንድ ኦሊምፒክ በሩጫ ሦስት ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች። ጣልያኖች ጥቁሯ ሚዳቋ፣ ፈረንሳዮች ጥቁሯ ዕንቁ አሏት። ሮም 1960 የበጋ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየበት ነው። ፊልሙ በአውሮፕላን እየተጫነ ይሄድና እዚያ ይተላለፋል። ስለዚህ አንዲት ከደቡብ የመጣች ጥቁር ልጅ በየሰው ሳሎን ገባች። በዚያው ኦሊምፒክ ካሲየስ ክሌይ የሚባል የ18 ዓመት ቦክሰኛም ወርቅ አግኝቷል፤ ኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ነው። አበበ፣ አሊና ዊልማ፤ ሮም ሦስቱን በአንድ ላይ አበራች።

ትልቁ ድል ከትራክ ውጭ

ከሮም በኋላ በአውሮፓ እየተዘዋወረች ሮጠች። የሄደችበት ስታዲየም ሁሉ ይሞላል። ወደ አገሯ ስትመለስ ክላርክስቪል ትልቅ አቀባበል አዘጋጀች። የግዛቱ ገዢ ቡፎርድ ኤሊንግተን ይገኛሉ ተባለ። እኚህ ሰው የተመረጡት ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይኑር የሚለውን ሥርዓት ደግፈው ነው። በከተማዋ ልማድ መሠረት ሰልፉም ግብዣውም ለነጭና ለጥቁር ለየብቻ መሆን ነበረበት።

ዊልማ እምቢ አለች። ተለያይቶ የሚደረግ በዓል ከሆነ አልገኝም ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። እንግዲህ አስቡት፤ የ20 ዓመት ወጣት ናት። ቤተሰቧ እዚያው ከተማ ነው የሚኖረው፤ እናቷ ነጮች ቤት የሠሩ ናቸው። ዝም ብላ አበባዋን ተቀብላ መሄድ ትችል ነበር። ከተማው ግን ያለ እሷ በዓሉን ማድረግ አይችልም፤ ይህን ታውቃለች። ጥቅምት 4 ቀን 1960 የተደረገው ሰልፍና የማታው ግብዣ በክላርክስቪል ታሪክ ጥቁርና ነጭ አብረው የታደሙበት የመጀመሪያው የከተማ ዝግጅት ሆነ። በግብዣው ላይ 1,100 ያህል ሰው ተገኘ።

ከዚህ አልፋ በ1963 በዚያው በከተማዋ ጥቁሮችን አላስተናግድ ባለ ምግብ ቤት በተደረገው ተቃውሞ ተሳትፋለች። ሦስት ወርቅ አምጥታ ምግብ ቤት መግባት የምትከለከል ሴት! ብዙም ሳይቆይ የከተማዋ ከንቲባ ምግብ ቤቶቹ ለሁሉም ክፍት መሆናቸውን አስታወቁ። በዚያው ዓመት የአገሯ መልዕክተኛ ሆና ወደ አፍሪካ ተጉዛ፣ ዳካር ላይ የወዳጅነት ጨዋታዎችን ታድማለች፤ ጋናን፣ ጊኒን፣ ማሊንና ያኔ ላይኛው ቮልታ የሚባለውን ቡርኪናፋሶንም ጎብኝታለች።

በ22 ዓመት በቃኝ

በ1961 ፍጥነቷ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ለረጅም ዘመን የወንዶች ብቻ ሆነው የቆዩ ውድድሮች እሷን ለመጋበዝ ሲሉ ለሴቶች በራቸውን ከፈቱ። በሐምሌ ሞስኮ ላይ ከቡድን ጓደኞቿ ጋር የዱላ ቅብብሉን ሪከርድ ወደ 44.3 አወረዱት። ሐምሌ 19 ደግሞ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ላይ 100 ሜትርን በ11.2 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ሪከርድ ብቻዋን ያዘች። በ1960ም በ1961ም የአሶሺየትድ ፕሬስ የዓመቱ ምርጥ ሴት ስፖርተኛ ተባለች። ለአሜሪካ ምርጥ አማተር ስፖርተኛ የሚሰጠውን የሱሊቫን ሽልማትም ወሰደች።

ከዚያ በ1962 ካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ ላይ አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት ባደረጉት ውድድር 100 ሜትሩንና የዱላ ቅብብሉን አሸንፋ ጫማዋን ሰቀለች። 22 ዓመቷ ነው! ብዙ ሰው ምን ነካት አለ። የእሷ ሂሳብ ግን ግልጽ ነበር። ቶኪዮ 1964 ሄዳ ከሦስት ወርቅ በታች ብታገኝ ሰው የሚያስታውሰው ሽንፈቷን ነው። በላይ ሳለች መውረድን መረጠች። ሌላም ምክንያት አለ። ያን ጊዜ አትሌት አማተር ነው፤ ከሩጫ አንዲት ሳንቲም ማግኘት አይፈቀድለትም። ልጅ ያላት ሴት ደግሞ በሜዳልያ ብቻ ቤት አታስተዳድርም።

የሚገርመው ቶኪዮ ላይ የ100 ሜትሩን ወርቅ የወሰደችው ዋዮሚያ ታየስ ናት። የማን ልጅ? የቴምፕል! በማጣሪያውም የዊልማን 11.2 ደገመችው። ዱላው ከቤት አልወጣም።

ከጭብጨባው በኋላ

በ1963 በመምህርነት ተመርቃ ወጣች። የመጀመሪያ ትዳሯ ፈርሶ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አባት ሮበርት ኤልድሪጅን አገባች፤ በጠቅላላው አራት ልጆች ወልዳለች። ይሄም ትዳር ኋላ ላይ ፈረሰ። አንደኛ ደረጃ አስተማረች፤ በተማረችበት በርት ትምህርት ቤት አትሌቲክስ አሰለጠነች። ከዚያ ከከተማ ከተማ፣ ከሥራ ሥራ እየተዘዋወረች ኖረች። ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ሴት የወር ደመወዝ ነበር የምታሳድደው። የዛሬዎቹ ሯጮች በአንድ ውድድር የሚያገኙትን ገንዘብ እሷ በሕልሟም አላየችው።

በ1977 የሕይወት ታሪኳን የሚተርክ መጽሐፍ አወጣች። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ፊልም ተሠራ፤ ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው ዴንዘል ዋሽንግተንም ትንሽ ቦታ ይዞ ተውኖበታል። በ1981 በስሟ ፋውንዴሽን አቋቁማ ድሀ ልጆችን ከስፖርትና ከትምህርት ጋር ማገናኘት ሥራዋ ሆነ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ቫለሪ ብሪስኮ ሁክስ፣ በ1988 ሴኡል ላይ ፍሎረንስ ግሪፊዝ ጆይነር ሦስት ሦስት ወርቅ ሲወስዱ ዊልማ በሕይወት ሆና አይታለች። መንገዱን የጠረገችው እሷ ናት።

በ1994 እናቷ አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዊልማ የአንጎልና የጉሮሮ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። በሽታው ጊዜ አልሰጣትም። ኅዳር 12 ቀን 1994 ናሽቪል አጠገብ በሚገኘው ቤቷ አረፈች። 54 ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ ክላርክስቪል ሲቀበር ሳጥኑ የኦሊምፒክ ባንዲራ ለብሶ ነበር። ዛሬ ክላርክስቪል ውስጥ በስሟ የሚጠራ ትልቅ ጎዳና አለ፤ ሐውልቷም ቆሟል። በርሊን ከተማም አንድ ትምህርት ቤት በስሟ ተሰይሟል። በ2004 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስሏን ያለበት ቴምብር አውጥቷል።

አበበና ዊልማን ያገናኘቻቸው ሮም ብቻ አይደለችም። አበበ በዓለም ፊት በእግሩ ከነገሠ በኋላ በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ አቃተው። ያም ሆኖ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1970 በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በቀስት ውድድር ተሳተፈ። በ1973 በ41 ዓመቱ አረፈ። ዊልማ በተቃራኒው ከብረት ተነስታ ወደ ትራክ መጣች። አንዱ ከሩጫ ወደ ወንበር፣ አንዷ ከወንበር ወደ ሩጫ። ሁለቱም በተሰጣቸው እግር ብቻ ሳይሆን ባጡት እግርም ተወዳድረዋል።

ዊልማ ሩዶልፍ በሮም ሦስቱን ፍጻሜዎች የሮጠችው ቢደመር 400 ሜትር ነው፤ አንድ ዙር ትራክ። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ። ለዚያች አንድ ዙር ግን እናቷ በየሳምንቱ 160 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ በአውቶቡስ ተጉዘዋል፤ ወንድምና እህቶቿ በቀን አራት ጊዜ እግሯን አሽተዋል። ሰው ሜዳልያ ሲቆጥር ይሄንንም አብሮ መቁጠር አለበት።